የፊዚክስ እንቆቅልሽ በፓይተን፦ ከየትኛው ሲሙሌተር ልጀምር?

አረንጓዴ ኳስ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ታች ወለሉ ላይ ሰማያዊ ኳስ አለ። የእናንተ ሥራ አንድ ቀይ ኳስ የሆነ ቦታ አስቀምጦ መልቀቅ ብቻ ነው፤ ቀዩ ወርዶ አረንጓዴውን ገፍቶ ከሰማያዊው ጋር ካገናኘው እንቆቅልሹ ተፈታ። ይህን ኮምፒውተር እንዲፈታው ማስተማር የፈለገ ሰው በፓይተን ምን አለ ብሎ ሲያስስ ፓይመንክ፣ ቦክስ ቱዲ፣ ፓይቡሌት፣ ሙጆኮ፣ ፋየር፣ ጂምናዚየም የሚሉ ስሞች ተዘርግፈው ይመጡበታል። ሁሉም ሥር «ፊዚክስ በፓይተን» የሚል ተጽፏል።

እነዚህን ጎን ለጎን ደርድሮ «የትኛው ይሻላል?» ማለት ዱቄትን፣ እንጀራንና መሶብን እንደማወዳደር ነው። ፓይመንክ፣ ቦክስ ቱዲ፣ ፓይቡሌትና ሙጆኮ ዱቄት ናቸው፦ ስበትንና ግጭትን የሚያሰሉ ኢንጂኖች፤ እንቆቅልሹን የምትጋግሩት እናንተ ናችሁ። ፋየር፣ አይ-ፋየርና ቨርቹዋል ቱልስ የተጋገረ እንጀራ ናቸው፦ እንቆቅልሹም፣ የመፈታቱ መስፈርትም ተዘጋጅቶ ይመጣል። ጂምናዚየም መሶቡ ነው፤ አንድም ኳስ አያንቀሳቅስም፣ የተሠራውን በአንድ ወጥ መልክ ያቀርባል እንጂ።

## መመዘኛዎቹ ይቅደሙ

እጃችሁ መቼ ይነሳል? ከሁሉም በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው ወር ከለፋ በኋላ ነው። በአንዳንድ እንቆቅልሾች አንድ ጊዜ አስቀምጣችሁ እጃችሁን ታነሳላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ፊዚክሱ ይፍረደው። በሌሎች ደግሞ ነገሩ እየተንቀሳቀሰ ሳለ በየቅጽበቱ ትገባላችሁ። የመጀመሪያው በባሕርይው የፍለጋ ችግር ነው፦ ከብዙ ሊሆኑ ከሚችሉ ቦታዎች የሚሠራውን ማግኘት። ሁለተኛው የቁጥጥር ችግር ነው፤ ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ (በሙከራና በሽልማት ማሠልጠን) ቦታውን የሚያገኘውም እዚህ ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት የሁለተኛውን ኮድ መጫን ትንኝን በመድፍ ነው።

እንቆቅልሹ አለ ወይስ ትሠሩታላችሁ? ደረጃ መሥራት ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሊፈታ የሚችል፣ ግን ዝም ብሎ በመወርወር የማይፈታ 50 ደረጃ ለመሥራት ተቀመጡ፤ ያኔ ይገባችኋል።

ድገም ሲባል ይደግማል? ያው ቦታ፣ ያው ራዲየስ ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት ካልሰጠ ኤጀንታችሁ (እንቆቅልሹን እንዲፈታ የምታሠለጥኑት ፕሮግራም) የሚማረው ፊዚክስ ሳይሆን ዕድል ነው።

ውጤታችሁ ከማን ጋር ይነጻጸራል? ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለጥናት ከሆነ ይህ ወሳኝ ነው። ለጨዋታ ወይም ለክፍል ማስተማሪያ ከሆነ ግን ጨርሶ አያሳስብም።

በያዛችሁት ማሽን ይጫናል? ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ስለዚህ «በጀት» ማለት እዚህ ላፕቶፑ፣ የኢንተርኔት ፓኬጁና የእናንተ ጊዜ ነው።

የሥዕሉ ውበት መመዘኛ ውስጥ የለም። ኤጀንቱ አያየውም፤ እናንተም ከሁለተኛው ቀን በኋላ መስኮቱን ዘግታችሁ ነው የምትሠሩት።

## ፋየር፦ ለመለካት የተሠራ

ፋየርን የፌስቡክ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ምርምር ክፍል በ2019 ነው ያወጣው። ውስጡ ቦክስ ቱዲ አለ። ሁለት እርከን አለው፦ አንድ ኳስ የሚቀመጥበትና ሁለት ኳስ የሚቀመጥበት። በእያንዳንዱ እርከን 25 የእንቆቅልሽ ንድፎች አሉ፤ እያንዳንዱ ንድፍ ቦታና መጠን እየተቀያየረ 100 ጥያቄ ይወልዳል። በድምሩ በየእርከኑ 2,500 ማለት ነው። ድርጊቱ በአንድ ኳስ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው (አግድም ቦታ፣ ቁመት፣ ራዲየስ)፤ ሦስቱም ከ0 እስከ 1 ተመጥነዋል። በሁለት ኳስ ስድስት ቁጥር ይሆናል። ከተለቀቀ በኋላ ሲሙሌሽኑ በሰከንድ 60 እርምጃ እየሄደ እስከ 1,000 እርምጃ ይዘልቃል፤ ወደ 17 ሰከንድ ገደማ ነው። ተፈታ የሚባለው ሁለቱ ኢላማ ነገሮች ተነካክተው ለ3 ሰከንድ ከቆዩ ነው። ነክቶ ያለፈ አይቆጠርም።

ቀለሞቹን በቃል መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ምስሉ የሚመጣው በቀለም ሳይሆን 256 በ256 የሆነ የቁጥር ሰንጠረዥ ሆኖ ነው። ቀዩ እናንተ ያስቀመጣችሁት ነው። አረንጓዴው ከሰማያዊው ወይም ከሐምራዊው መነካካት ያለበት ነው፤ ሰማያዊው ይንቀሳቀሳል፣ ሐምራዊው ተተክሎ የቆመ ነው። ግራጫው የሚንቀሳቀስ ተራ ዕቃ፣ ጥቁሩ የማይነቃነቅ ግድግዳ ነው። ሰንጠረዡን እንዳለ በማትፕሎትሊብ ብትሥሉት ዓለሙ ተዘቅዝቆ ይታያል፣ ኳስም ወደ ላይ ይወድቃል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ወለሉ ስለሆነ ነው። ሰንጠረዡን በቁመት ገልብጡት፣ ወይም ጥቅሉ ራሱ ያዘጋጀውን ወደ ቀለም መቀየሪያ ተጠቀሙ።

የፋየር ትልቁ ሀብት መለኪያው ነው። ኦክሰስ ይባላል፤ ለአንድ ጥያቄ እስከ 100 ሙከራ ይፈቅዳል፣ ቶሎ ለፈታው ግን ብዙ ይከፍላል። ክፍያው በሎጋሪዝም ስለሆነ አወራረዱ ፈጣን ነው። በመጀመሪያው ሙከራ የፈታ ሙሉ 100 ያገኛል። በሁለተኛው የፈታ 85 ገደማ፣ በአሥረኛው የፈታ 50 ገደማ፣ በመቶኛው የፈታ ደግሞ 0.2 ብቻ። ስለዚህ «ኤጀንቴ 95 በመቶውን ጥያቄ ይፈታል» ማለት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በስንተኛው ሙከራ ነው?

ሌላው ብልሃት ሁለት ዓይነት ፈተና መኖሩ ነው። በአንደኛው ኤጀንቱ የሚፈተንባቸው ጥያቄዎች ካሠለጠናችሁበት ንድፍ የወጡ ናቸው፤ በሁለተኛው ንድፉ ራሱ አዲስ ነው። ልዩነቱን የሚያሳዩት ፋየርን ያስተዋወቀው ጽሑፍ ቁጥሮች ናቸው፦ በአንድ ኳስ እርከን ዲኪውኤን የተባለው ዘዴ በሚያውቀው ንድፍ 77.6 ሲያመጣ በአዲስ ንድፍ 36.8 ላይ ቆሟል። ዝም ብሎ በዘፈቀደ የሚወረውረው ደግሞ በሁለቱም 13 አካባቢ ነው። ይህ 13 ቁጥር ለእናንተ ወርቅ ነው። ምንም ዓይነት ሞዴል ከመጻፋችሁ በፊት የዘፈቀደ ኤጀንት አስኪዱ። ፋየር ጥያቄዎቹን ለሥልጠናና ለፈተና የሚከፍልባቸው አሥር ክፍፍሎች አሉት፤ አዲስ ንድፍ ላይ ውጤቱ እንደ ክፍፍሉ ስለሚዋዥቅ በአሥሩም አማካዩን ውሰዱ። ከ13 ርቆ 30 ወይም 3 ካላችሁ ስህተቱ ያለው መለኪያችሁ ውስጥ ነው። አንዱ የተለመደ ስህተት ኳሱ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደራርቦ ስለተቀመጠ «የማይሠራ ግቤት» ተብሎ የተመለሰን ሙከራ እንደ ሽንፈት መቁጠር ነው። ፋየር እሱን ሙከራ ብሎ አይመዘግበውም።

ጣጣው አጫጫኑ ላይ ነው። የተጠናቀረው ጥቅል የተዘጋጀው ለሊኑክስና ለማክ፣ ያውም ለቆዩ የፓይተን ቨርዥኖች ነው። በአዲስ ፓይተን ላይ ፒፕ (የፓይተን ጥቅል መጫኛው) «የሚስማማ ስርጭት አልተገኘም» ብሎ ሲያኮርፍ ብዙ ሰው ጥቅሉ የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም፤ ከእናንተ ፓይተን ጋር የሚገጥም የለም ማለቱ ነው። መፍትሔው በኮንዳ ፓይተን 3.6 ያለው የተለየ ኤንቫይሮመንት (ከሌላው ሥራችሁ የተከለለ የፓይተን ቦታ) ከፍቶ እዚያ ውስጥ መጫን ነው። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን በሚያስኬደው) ውስጥ ታደርጉታላችሁ። ኤም1 እና ከዚያ ወዲህ ባሉ የአፕል ላፕቶፖች ላይ 3.6 ለዚያ ቺፕ ስላልተዘጋጀ ኮንዳን የኢንቴሉን እንዲያመጣ ታዙትና በሮዜታ (የኢንቴል ፕሮግራምን በአፕል ቺፕ ላይ በሚያስኬደው) ይሄዳል። ሌላ ጣጣ ይከተላል፦ በ3.6 ውስጥ ያለው ፓይቶርችም (ሞዴል የሚሠለጥንበት ጥቅል) አሮጌ ይሆናል። ሞዴላችሁ አዲስ ፓይቶርች የሚፈልግ ከሆነ ሲሙሌሽኑን በ3.6 አስኪዳችሁ ውጤቱን በናምፓይ ፋይል አስቀምጡ፤ ለሥልጠናው ከሌላ ኤንቫይሮመንት አንብቡት። አንድ ኳስ ሦስት ቁጥር ብቻ ስለሚፈልግ ይህ አካሄድ እንደሚመስለው አይከብድም።

## አይ-ፋየርና ቨርቹዋል ቱልስ

አይ-ፋየር «እጃችሁ መቼ ይነሳል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ሌላ መልስ ነው። እዚህ ኳስ አታስቀምጡም። ተደርድረው ኳሱን የያዙትን ብሎኮች በትክክለኛው ቅደም ተከተልና በትክክለኛው ሰዓት ታጠፋላችሁ፤ ግማሽ ሰከንድ ብትዘገዩ ኳሱ አልፏል። 40 ጨዋታ ነው ያለው፣ በአራት ምድብ አሥር አሥር። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ለጥልቅ ሥልጠና አይበቃም፤ ኤጀንት ማቀድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ለማየት ግን ጥሩ ነው።

ቨርቹዋል ቱልስ የመጣው ከሰው አእምሮ ጥናት ነው፤ ጽሑፉ በ2020 ወጥቷል። ሦስት መሣሪያ ይሰጣችኋል፣ አንዱን መርጣችሁ የምታስቀምጡበትን ቦታ ትወስናላችሁ። ዋነኞቹ ደረጃዎች 20 ናቸው፤ በጄሰን ፋይል ስለተጻፉ ከፍቶ መነካካት ይቻላል። ብርታቱ የሰዎች አሞካከርም የተጠና መሆኑ ነው። ሰው በጥቂት ሙከራ ይፈታዋል፤ የእናንተ ኤጀንት 5,000 ከፈለገ ልዩነቱን በቁጥር ታያላችሁ። ኮዱ የምርምር ቡድን ኮድ ነው፣ ማለትም የሚሠራው እነሱ በተጠቀሙባቸው ቨርዥኖች ነው፤ ለብቻው ኤንቫይሮመንት ሳትከፍቱ አትንኩት።

## ፓይመንክ፦ ራሱ ለሚጋግር

በገዛ እጁ እንቆቅልሽ መሥራት ለሚፈልግ ጀማሪ ያለ ብዙ ማመንታት የምንለው ፓይመንክ ነው። ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው፤ ቺፕመንክ በተባለ የሲ ኢንጂን ላይ የቆመ ነው፤ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ተጠናቅሮ ስለሚመጣ «ፒፕ ኢንስቶል ፓይመንክ» ብሎ ማለቅ ይችላል። ለማየት ፓይጌምን ትጨምራላችሁ፤ ጂፒዩ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ እንዲህ ይሠራል። «ስፔስ» (ነገሮቹ የሚኖሩበት ዓለም) ፍጠሩና ስበቱን 0 እና 900 አድርጉት፤ ካልነገራችሁት ስበት የለም፣ ኳሱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፓይጌም ላይ ቁመት ወደ ታች ስለሚቆጠር 900 አዎንታዊ ነው። ወለሉን በስፔሱ ቋሚ አካል ላይ «ሴግመንት» አድርጋችሁ ውፍረቱን 5 ስጡት። ለኳሱ ክብደት 1፣ ራዲየስ 15 ስጡና የመሽከርከር እምቢታውን በእጃችሁ አትገምቱ፤ የክብ ማስያ ፋንክሽን አለው። ከዚያ «ቦዲ»ውንም «ሼፕ»ኡንም ሁለቱንም ወደ ስፔሱ ጨምሩ። ቦዲውን ብቻ ከጨመራችሁ ኳሱ ይወድቃል እንጂ ምንም ሳይነካ ወለሉን አቋርጦ ይሄዳል፤ የሚጋጨው ሼፑ ነውና።

አሁን የሚያሳብዱት ነገሮች።

ሰበቃና መንጠር ሲነሱ ሁለቱም 0 ናቸው። ሰበቃ የሌለው ኳስ ተዳፋት ላይ አይንከባለልም፤ ይንሸራተታል። ያለ ሰበቃ የሚንሸራተት ክብ ሰሌዳ ደግሞ ከሚንከባለለው አንድ ተኩል ጊዜ በሚበልጥ ማጣደፍ ይወርዳል። ስለዚህ «ለምን ኳሴ ቅርጫቱን ዘሎ ያልፋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ የረሳችሁት አንድ መስመር ነው። ፓይመንክ የሁለቱን ነገሮች ቁጥር ያባዛል። ኳሱን 0.8 አድርጋችሁ ወለሉን 0 ከተዋችሁት ውጤቱ 0 ነው፤ ኳሱ እንደ ሊጥ ቧ ብሎ ይቀራል። ሁለቱም 0.8 ከሆኑ ውጤቱ 0.64 ነው፤ ከ100 ፒክስል ከፍታ የወደቀ ኳስ ወደ 41 ይነጥራል። ቦክስ ቱዲ ግን ለመንጠር ትልቁን ቁጥር ይወስዳል፦ ያው 0.8 እና 0 እዚያ 0.8 ነው፣ ኳሱም ወደ 64 ይነጥራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ቁጥር ገልብጦ «ፊዚክስ ያው ፊዚክስ ነው» የሚል ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ግድግዳ ማለፍ ነው። ፓይመንክ በሁለት እርምጃ መካከል የሆነውን አያይም። ኳሱ 600 ፒክስል ወርዶ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 1,040 ፒክስል ገደማ ነው፤ በ1/60 ሰከንድ እርምጃ በአንድ ጊዜ 17 ፒክስል ይዘላል። ራዲየሱ 5 የሆነ ኳስና ውፍረቱ 1 የሆነ ሴግመንት አንድ ላይ የሚነካኩበት ስፋት 12 ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ከፍታ ስትለቁት ይያዛል፣ ሁለት ፒክስል ከፍ አድርጋችሁ ስትለቁት ያልፋል፤ ጥንቆላ ይመስላል። እርምጃውን 1/240 ሰከንድ አድርጉና በየምስሉ አራት ጊዜ አስኪዱ፤ ዝላዩ ወደ 4 ይወርዳል። ግድግዳውንም አወፍሩት።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። የእርምጃውን ርዝመት ከሰዓት አትውሰዱ። የፓይጌም ሰዓት የሚሰጠው ቁጥር ላፕቶፑ በተጨናነቀ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ያው ኳስ ያው ቦታ ሌላ ውጤት ይሰጣል። ለአዲስ ሙከራም አሮጌውን ስፔስ ኳሱን መልሶ በማስቀመጥ አትጠቀሙበት፤ ያለፈው ግጭት ትዝታ ውስጡ ይቀራል። ከባዶ ሥሩት፣ ዕቃዎቹንም ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ጨምሩ። ስፔስ መፍጠር ርካሽ ነው።

«ተፈታ» የሚለውንም ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ። ሲነካ ወዲያው «ተፈታ» አትበሉ፤ በ1/240 ሰከንድ እርምጃ 720 ተከታታይ እርምጃ ቁጠሩ፣ 3 ሰከንድ ነው፤ ንክኪው ከተቋረጠ ቆጣሪውን ወደ 0 መልሱ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ግጭት ሲፈጠር የሚጠራውን ፋንክሽን የሚያስመዘግበው ትእዛዝ በ7ኛው ቨርዥን ተቀይሯል። አሮጌ መማሪያ እየተከተላችሁ «እንዲህ ያለ አትሪቢዩት የለም» ካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን የመማሪያው ዕድሜ ነው።

## ቦክስ ቱዲ በፓይተን

ኤሪን ካቶ በ2007 ያወጣው ኢንጂን ነው፤ ከፓይመንክ የሚበልጥባቸው ነጥቦች አሉት። የሚንቀሳቀስ ነገር ቋሚ ግድግዳን እንዳያልፍ በነባሪነት ይጠብቃል፤ ለፈጣን ትናንሽ ነገሮች ደግሞ «ቡሌት» የሚል ምልክት አለው። የፓይተኑ መጠቅለያ ግን 2.3 ላይ ቆሟል፤ ኢንጂኑ ራሱ በ2024 ወደ 3 ሲሸጋገር አብሮት አልሄደም። የተጠናቀረ ጥቅል ካልገጠማችሁ ሲጫን ስዊግ የሚባል መሣሪያ ይፈልጋል፤ «ስዊግ የለም» ብሎ የሚቆመው ለዚያ ነው። መጀመሪያ ስዊግን በፒፕ ጭኑ፣ ከዚያ ድገሙት። ዊንዶውስ ላይ የሲ++ ማጠናቀሪያም ሊጠይቅ ይችላል፤ እሱ ደግሞ በጊጋባይት የሚቆጠር ዳውንሎድ ነው።

ሌላው ወጥመድ መለኪያው ነው። ቦክስ ቱዲ የሚያስበው በሜትር ነው፤ ከ0.1 እስከ 10 ሜትር ላሉ ነገሮች ነው የተቃኘው። አንዱን ፒክስል አንድ ሜትር አድርጋችሁ 600 ፒክስል ካወረዳችሁት ኳሱ 600 ሜትር ገደል ገባ ማለት ነው፤ ለመድረስ 11 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ስክሪን ላይ እንደ ላባ ይንሳፈፋል። ሃያ ፒክስል አንድ ሜትር ይሁን፤ ያኔ 2.5 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በሰከንድ ከ1 ሜትር በታች የሆነ ግጭትም አይነጥርም፣ ሆን ተብሎ ነው። ትንንሽ ነጠርታ የእንቆቅልሻችሁ ቁልፍ ከሆነ ይህ ያበላሽባችኋል።

## ፓይቡሌትና ሙጆኮ

ሁለቱም የሦስት አቅጣጫ ኢንጂኖች ናቸው፤ ለሮቦት ሥራ የታወቁ። ለጠፍጣፋ እንቆቅልሽ ወደ እነሱ መሄድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የሮቦት ክንድ ዕቃ የሚያነሳበት፣ ብሎክ የሚከምርበት እንቆቅልሽ ከሆነ ግን የግድ ነው።

ከሁለቱ ዛሬ ለሚጀምር ሙጆኮ ይመረጣል። ዲፕማይንድ በ2021 ገዝቶ ነፃ አደረገው፣ በ2022 ኮዱን ከፈተው፤ «ፒፕ ኢንስቶል ሙጆኮ» ይበቃል። ሙጆኮ-ፓይ የሚባለውን የሚያስጭን መማሪያ ካያችሁ አሮጌ ነው፣ እለፉት። ዓለሙ በኤክስኤምኤል ይጻፋል። ጀማሪን የሚያስደነግጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መገጣጠሚያ ያልተሰጠው አካል ከዓለሙ ጋር እንደተበየደ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ኳሱ አየር ላይ ይቀራል («ፍሪጆይንት» ጨምሩለት)፤ የሳጥን መጠን ደግሞ የሚጻፈው በግማሽ ነው፣ 0.5 ያላችሁት 1 ሜትር ይሆናል። ነባሪው እርምጃ 2 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለአንድ ሰከንድ 500 እርምጃ። ንክኪው ለስላሳ ሆኖ ስለተቀመረ «ይህን ያህል ይንጠር» የሚባል ቀጥተኛ ቁጥር የለውም፤ በነጠርታ ላይ ለቆመ እንቆቅልሽ ደካማ ምርጫ ነው።

ፓይቡሌት ብዙ ምሳሌ አለው፤ ሁኔታን አስቀምጦ መመለስም ስለሚችል ከአንድ ነጥብ ብዙ ሙከራ ለመሰንዘር ያመቻል። ስበቱን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ፣ እርምጃው 1/240 ሰከንድ ነው። በአዲስ ፓይተን ዊንዶውስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከምንጩ ማጠናቀር ውስጥ ይከታችኋል።

## በአንድ እይታ

| ምርጫ | እንቆቅልሽ ይዞ ይመጣል? | እጅ የሚነሳው | አጫጫን | ከሌሎች ጋር ማነጻጸር | ዋና ወጥመድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፋየር | አዎ፣ በየእርከኑ 2,500 | ከመጀመሪያው | ከባድ፣ አሮጌ ፓይተን | በጣም ጥሩ | የተገለበጠ ምስል፣ የሙከራ ቆጠራ |
| አይ-ፋየር | አዎ፣ 40 | እየተንቀሳቀሰ ሳለ ትገባላችሁ | ቀላል | መካከለኛ | ጥያቄው ጥቂት |
| ቨርቹዋል ቱልስ | አዎ፣ ዋናዎቹ 20 | ከመጀመሪያው | መካከለኛ | ከሰው ጋር | የቨርዥን ግጭት |
| ፓይመንክ | የለም | እንደ ፈለጋችሁ | በጣም ቀላል | የለም | ግድግዳ ማለፍ፣ 0 ሰበቃ |
| ቦክስ ቱዲ | የለም | እንደ ፈለጋችሁ | ስዊግ ይፈልጋል | የለም | ፒክስልን ሜትር ማድረግ |
| ሙጆኮ | የለም | በየቅጽበቱ | ቀላል | ለሮቦት ሥራ | መገጣጠሚያ መርሳት፣ ነጠርታ |
| ፓይቡሌት | የለም | በየቅጽበቱ | ዊንዶውስ ላይ ከባድ | ለሮቦት ሥራ | የጠፋ ስበት |

ጂምናዚየም ሰንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ከየትኛውም ጋር ይሄዳልና። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ የድሮው ጂም በየእርምጃው አራት ነገር ይመልስ ነበር፣ ጂምናዚየም አምስት ይመልሳል፤ «ጨረስኩ» የሚለው ለሁለት ተከፍሎ «አበቃ» እና «ሰዓት ተቆረጠ» ሆኗል። «የሚበዙ ዋጋዎች» የሚል ስህተት ካያችሁ ሁለቱን ቀላቅላችኋል። አንድ ጊዜ አስቀምጦ እጅ የሚነሳበትን እንቆቅልሽ በጂምናዚየም ስትጠቀልሉት ሙሉ ሲሙሌሽኑ በአንድ «ስቴፕ» ውስጥ ያልቃል፤ ጨዋታው አንድ እርምጃ ብቻ ነው ማለት ነው።

## ለማን የቱ?

4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ፣ ፓይተን ገና መልመድ፦ ፓይመንክ። ከላይ ያለውን እንቆቅልሽ ሥሩ፤ 1,000 የዘፈቀደ ቦታ ሞክሩና ስንቱ እንደሚፈታ ቁጠሩ። ከመቶ 40 ከሆነ ደረጃው ቀሏል፤ ከ1,000 አንድም ካልተፈታ ምናልባት ጭራሽ አይፈታም። በመስኮት እያያችሁ አታስኪዱት፤ ሥዕሉ ጠፍቶ ሲሄድ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል።

ለመመረቂያ የሚሠራ፣ ውጤቱን ጽፎ የሚያቀርብ፦ ፋየር፤ ለአጫጫኑ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። በአንድ ኳስ፣ በሚታወቅ ንድፍ ጀምሩ፤ አዲስ ንድፍ ላይ የሚገኘው ቁጥር ዝቅ ማለቱ እንዳያስደነግጣችሁ፣ የሁሉም ይወርዳል። ከአሥሩ ክፍፍል በአንዱ ላይ ብቻ ያገኛችሁትን አትጻፉ። ፈታ የተባለው ቦታ ዙሪያውን ትንሽ ብታንቀሳቅሱትም የሚፈታ መሆኑን የሚፈትሽ አማራጭ አለው፤ አብሩት፣ በአጋጣሚ የተገኘ መልስ ይለይላችኋል።

የጊዜ አጠባበቅና ዕቅድ ለሚያጠና አይ-ፋየር፤ ሰውና ማሽን እንዴት ይሞክራሉ ለሚል ቨርቹዋል ቱልስ። ሮቦት ለሚያስብ ሙጆኮ፣ ግን ክንዱ ቢያንስ አንድ ነገር እስኪገፋ ድረስ ሥልጠና የሚባል ነገር አትጀምሩ። ቀድሞ በቦክስ ቱዲ የተጻፈ ጨዋታ ያለው እዚያው ይቆይ፤ አዲስ የሚጀምር ግን ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት ጥቂት ነው።

ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥበት ወይም ፓኬጁ ውድ የሆነበት ሰው፦ ጥሩ ግንኙነት ባለበት ኮምፒውተር ላይ «ፒፕ ዳውንሎድ» ብላችሁ ጥቅሎቹን በአንድ ፎልደር ሰብስቡና በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት «ኖ-ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ-ሊንክስ» በሚሉት አማራጮች ከፎልደሩ ይጫናል። የፓይተን ቨርዥኑና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሁለቱም ማሽን አንድ መሆን አለባቸው፤ ካፌ ውስጥ በ3.12 ያወረዳችሁት ቤት 3.10 ላይ አይገባም። ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ሌላ ባዶ ኤንቫይሮመንት ከፍታችሁ ኔትዎርኩን አጥፍታችሁ ከፎልደሩ ጭናችሁ ሞክሩት። የጎደለች አንዲት ናምፓይ የምትገኘው ያኔ ነው።